ትሉን ይዘህ ና

ያኔ በጎጃም፣ በአምበር ዙሪያ በጉ ማስነጠስ አላቆም ያለበት ገበሬ ከብት ሐኪሙ ዘንድ ሲመጣ የሚሰማው ቃል «ትሉን ይዘህ ና» የሚል ነበር። ዛሬ የሚሰማው «ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ» ነው። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ በእንስሳው ላይ ተጠግታ የምትኖረው ዝንብ የትኛዋ እንደሆነች ማወቅ። ከመጀመሪያው ቃል ወደ ሁለተኛው የተሻገርንበትን ዘመን በእረኝነትም በእንስሳት ጤና ሙያም ኖሬበታለሁ። ብዙ አግኝተንበታል። የጣልነውም አለ፤ የጣልነው ሳይታወቀን ስለሆነ ግን የሚያነሣው ሰው የለም ማለት ይቻላል።

በእኛ ልጅነት በግ የሚጠብቅ ልጅ የአፍንጫ ዝንቧን በዓይኑ ሳያያት ያውቃት ነበር። ከሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባለው ግጦሽ፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ፀሐይዋም ጠንከር ስትል፣ ተበትኖ ሲግጥ የዋለ መንጋ በድንገት ይከማቻል። በጎቹ ራሳቸውን ወደ መሐል ያስገባሉ። አንዱ አፍንጫውን በሌላው ጸጉር ውስጥ ይወሽቃል። ዳር የቀረው አፍንጫውን መሬት ላይ ደፍቶ በፊት እግሩ አፈሩን ይደበድባል። ያን ጊዜ ጅራፍ ቢጮህም መንጋው አይበተንም። እረኛው ይህን ስለሚያውቅ ጥላ ፈልጎ ይቀመጥና ቀትሩ እስኪያልፍ ይጠብቃል። በግ በዚያ ሰዓት ከመጋጥ መታቀብን የሚመርጠው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ የገባን በትምህርት ቤት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ከጎኑ ስለዋልን ነው።

ከሳምንታት በኋላ ማስነጠሱ ይጀምራል። ንፍጡ ይወፍራል፤ አንዳንዴ ደም ይቀላቀልበታል። ቤት ውስጥ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አልቅት ነበር። የትምባሆ ቅጠል ይጨመቅና በአፍንጫው ይንቆረቆራል። አልቅት ከሆነ ይወርዳል፤ ካልሆነ በጉ ዓይኑ እያነባ ይቀራል። ብሶበት እየተንገዳገደ መሄድ ወይም ባንድ ወገን መዞር ከጀመረ ደግሞ ፍርዱ አንድ ነው፦ «አዙሪት ያዘው፤ ሳይከሳ ይታረድ።»

ሲታረድና ራሱ በመጥረቢያ ሲፈለጥ ከሁለት ነገሮች አንዱ ይገኛል። አንዳንዴ አንጎሉ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይታያል። ሌላ ጊዜ አንጎሉ ደህና ሆኖ ከግንባሩ አጥንት በስተጀርባ ባለው ክፍተት ውስጥ ነጫጭ ትሎች ይንቀሳቀሳሉ፤ ያደጉት በጀርባቸው ላይ ጥቋቁር መስመር አላቸው። እኛ ልጆች «አያ፣ ይኼ ከየት ገባ?» ብለን ስንጠይቅ መልሱ ለሁለቱም አንድ ነበር፦ «ከሣሩ ጋር ስቦት ነው።»

ያ መልስ ግማሹ እውነት እንደነበረ የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ውኃ የቋጠረው ከረጢት በእርግጥ ከሣሩ ጋር የሚገባ ነው፤ የውሻ ኮሶ እንቁላል ከውሻ ዓይነ ምድር ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ በግ፣ ከበጉም ወደ አንጎሉ የሚሄድበት እውነተኛው አዙሪት ነው። ትሉ ግን ከሣር አይመጣም። ትሉን የምትተክለው ያቺ በጎቹ ቀትር ላይ የሚሸሿት ዝንብ ናት። እረኛው ዝንቧን ያውቃል፤ አራጁ ትሉን ያውቃል። ሁለቱ አንድ ፍጥረት መሆናቸውን ግን የነገረን አልነበረም።

ያገናኘልን አብሬው የሠራሁት የእንስሳት ሐኪም ነው። ደብረ ዘይት ተምሮ የመጣ ነበር። የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ እዚያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ከዚያ በፊት አገራችን የእንስሳት ሐኪሞቿን ውጭ ልካ ነበር የምታስተምረው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ወደ ገጠር የሚወርድ ሐኪም ማግኘት ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። እሱም የዝንቧን ኑሮ ገበሬው ዓውድማ ዳር ቆሞ ሊሰማው በሚችለው ቋንቋ ያስረዳ ነበር።

የበግ አፍንጫ ዝንብ በሳይንሳዊ ስሟ ኦስትረስ ኦቪስ ትባላለች፤ ስሙን ያወጣላት ስዊድናዊው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ነው። ግራጫ ናት፤ ርዝመቷ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። አፏ ስለማይሠራ አትበላም፣ አትናከስም፤ የምትኖረው ትል ሳለች ባጠራቀመችው ስብ ነው። እንቁላልም አትጥልም። ሕያው ዕጮቿን በሆዷ ይዛ እየበረረች በበጉ አፍንጫ ቀዳዳ ላይ በፈሳሽ ጠብታ ትረጫቸዋለች። አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑት ዕጮች በአፋቸው ሜንጦ እየተያዙ ወደ ውስጥ ይወጣሉ፤ በግንባር አጥንት ክፍተት ውስጥ ሆነው እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያድጋሉ። ሲጎለምሱ ወርደው በጉ ሲያስነጥስ መሬት ይወድቃሉ፤ አፈር ውስጥ ገብተው ቆዳቸው ጠንክሮ ቅርፊት ይሆናል፤ ከሳምንታት በኋላ ከቅርፊቱ ዝንብ ይወጣል። በግ አፍንጫውን አፈር ላይ የሚደፋው ያችን ጠብታ ሽሽት ነው።

ዝንቧ ዒላማዋን የምትስትበት ጊዜም አለ። እረኛ ከመንጋው መሐል ሲያልፍ ጠብታው ዓይኑ ላይ ያርፋል። ልጁ «ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ገባ» እያለ ይመጣል፤ ዓይኑ ይቀላል፣ ያነባል። እናቶች በነጠላ ጫፍ ሊጠርጉት ይሞክራሉ፤ ዕጮቹ ግን በሜንጧቸው የሙጥኝ ይላሉ። በሰው ዓይን ውስጥ አያድጉም፤ የሚያደነዝዝ ጠብታ ተደርጎ በወረንጦ ሲለቀሙ ልጁ ይድናል። ይህ የእኛ አገር እረኛ ዕዳ ብቻ አይደለም፤ በግ በሚረባበት የዓለም ክፍል ሁሉ የዓይን ሐኪሞች የሚያውቁት ነው።

«ትሉን ይዘህ ና» የሚለው ቃል ሥርዓት ነበረው። ሐኪሙ ትል በሕይወቱ አልኮል ውስጥ እንዳይገባ አጥብቆ ይከለክል ነበር፤ ይጠቁራል፣ ይኮማተራል፣ ከዚያ በኋላ ምኑም አይለይም። መጀመሪያ ከእሳት የወረደ ትኩስ ውኃ ውስጥ ይገባና ይዘረጋል፤ ከዚያ 70 ወይም 80 በመቶ አልኮል ባለበት ብልቃጥ ይቀመጣል። አልኮል ባለቀብን ጊዜ ብልቃጡን ለጊዜው የምንሞላው በዳግም አረቄ ነበር፤ የጎጃም ቤት አረቄ አያጣም። ብልቃጡ ውስጥ ትንሽ ወረቀት ትገባለች፤ በእርሳስ የተጻፈች፣ ምክንያቱም የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል። ቀኑ፣ ቀበሌው፣ የተገኘበት እንስሳ፣ የተገኘበት የአካል ክፍል፣ የለቀመው ሰው ስም ይጻፍባታል። ያለዚያች ወረቀት የመጣ ትል ከሐኪሙ ዘንድ መልስ አያገኝም ነበር፤ ባለቤቱ ተጠይቆ፣ ተጽፎ፣ ከዚያ ነው የሚታየው።

መታየቱም ቀላል አልነበረም። ሰው የሚለየው በፊቱ ነው፤ የዝንብ ትል ግን የሚለየው በኋላው ጫፍ ነው። እዚያ ሁለት የመተንፈሻ ሰሌዳዎች አሉት። በበግ አፍንጫ ትል ላይ ሰሌዳዎቹ አንድ ወገናቸው ቀጥ፣ ሌላው ወገናቸው ክብ ሆኖ፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ተሞልተው ይታያሉ። ከቁስል የተለቀመ ትል ከሆነ በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ ሦስት ስንጥቆች አሉ፤ ስንጥቆቹ ቀጥ ያሉ ናቸው ወይስ ጠመዝማዛ የሚለው ወገኑን ይነግራል። ከአህያ ጨጓራ የተገኘ ትል ከሆነ ደግሞ በየቀለበቱ ላይ ያሉት እሾሆች ይታያሉ። ሁለት ረድፍ ሆነው የፊተኞቹ ትላልቅ ከሆኑ ጋስትሮፊለስ ኢንተስቲናሊስ፣ አንድ ረድፍ ብቻ ከሆኑ ጋስትሮፊለስ ናሳሊስ ነው። ይህን ሁሉ ለማየት የትሉን ጫፍ በምላጭ ቆርጦ፣ በኬሚካል አጽድቶ፣ በመስታወት ላይ አድርጎ ማይክሮስኮፕ ሥር ማስገባት ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ያልተቻለው ወደ ባሕር ዳር ላቦራቶሪ ይላካል፤ መልሱ እስኪመጣ በጉ ወይ ድኗል ወይ ተበልቷል።

ሐኪሙ ከሁሉ የሚወደው ሌላውን ዘዴ ነበር፤ ማሳደግን። በጉ አስነጥሶ የጣለውን የጎለመሰ ትል ርጥብ አፈር ባለበት ጣሳ ውስጥ ያስገባና አፉን በስስ ጨርቅ አስሮ ይተወዋል። ገበሬው በየገበያው ቀን ሲያልፍ ጎራ ብሎ ያየዋል። አንድ ቀን ጨርቁ ሥር ግራጫ ዝንብ ትገኛለች። ከእጁ የወጣ ትል ዝንብ ሆኖ ያየ ገበሬ ከዚያ ወዲያ «ከሣሩ ጋር ስቦት ነው» አይልም። እረኛውና አራጁ ለየብቻቸው የያዙት ዕውቀት የተጋጠመው በዚያ ጣሳ ነው። እኔም ይህን ሙያ የወደድኩት ያን ጊዜ ነው።

ከትሉ ይልቅ በሥዕሉ መታመን የሚያመጣውን ጣጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የእኛኑ ጎጃም የረገጠ ሰው ምሳሌ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር። አገሩ ተመልሶ የጉዞውን ታሪክ በ1790 በአምስት ቅጽ ሲያሳትም ከዕፀዋቱና ከአራዊቱ መካከል አንዲት ዝንብ በሥዕል አስደግፎ አስገባ። ጥቁር አፈር ባለበት ሁሉ ዝናቡን ተከትላ እንደምትመጣ፣ ድምፅዋን የሰማ ከብት መጋጡን ትቶ እስኪወድቅ እንደሚሮጥ፣ አርብቶ አደሮች መንጋቸውን ይዘው ወደ አትባራ አሸዋ እንደሚሸሹ ጻፈ። ስሟንም «ዚምብ» እና «ጸልጸልያ» ብሎ መዘገበ።

ከዚያ በኋላ የአውሮፓ ሊቃውንት ማንነቷን ለማወቅ ብዙ ደከሙ። እንግሊዛዊው ዌስትዉድ በ1850 ከደቡባዊው አፍሪካ በመጣ ናሙና የቆላ ዝንብን ሲገልጽ የብሩስንም ዝንብ አብሮ አነሣት። ሌሎች ግን ብሩስ ክንፎቿ ነጠብጣብ የሌለባቸው፣ ሲያርፉም ተነጣጥለው የሚቀመጡ ናቸው ማለቱን ይዘው ተከራከሩ፤ የቆላ ዝንብ ስታርፍ ክንፏን አንዱን በአንዱ ላይ ደርባ ታጥፋለችና። ምናልባት ከብት የምትነክሰው ትልቋ ተናዳፊ ዝንብ ናት ያሉም አሉ። ብሩስ ብዙ አገር የዞረ፣ ዓይኑም የማያመልጠው ሰው ነበር። ለኋለኞቹ የተረፋቸው ግን ጽሑፉና ሥዕሉ ነው። ክርክሩን የምትቋጭ አንዲት የደረቀች ዝንብ የለችም። ሥዕል ሠዓሊው ያየውን ያህል ብቻ ይናገራል፤ ያላየውን ብትጠይቀው መልስ የለውም።

አሁን ወዳለንበት ልምጣ። ስልክ ያመጣልንን በረከት አሳንሼ ብናገር ውሸት ይሆናል። ዛሬ በአነደድ ወረዳ ሩቅ ቀበሌ ያለች ወጣት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠዋት ያነሣችውን ፎቶ ሳይመሽ ባሕር ዳርም ሌላም አገር ያለ ባለሙያ ያየዋል። ፎቶ ብቻውን የሚበቃበት ጊዜም ብዙ ነው። ከዓባይ በረሃ የተያዘች ዝንብ አፏ ወደ ፊት ተዘርግቶ፣ ክንፏ ተደራርቦ፣ በክንፏ መሐል የመጥረቢያ ቅርጽ ያለው ክፍል ከታየ የቆላ ዝንብ ለመሆኗ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። በበግ ጸጉር ውስጥ የምትኖረው ክንፍ አልባ ዝንብም እንዲሁ ናት። ሰው ሁሉ መዥገር ይላታል፤ ጥርት ባለ ፎቶ ላይ እግሯ ስድስት መሆኑ ይቆጠራል፣ የጎለመሰ መዥገር ግን ስምንት አለው። ያቺ ዝንብ እንቁላል አትጥልም፤ ያደገ ዕጭ አንድ በአንድ ትወልዳለች፣ ዕጩም ወዲያው ቅርፊት ሆኖ ጸጉሩ ላይ ይጣበቃል። በአህያም ላይ ቅጫም ተብሎ የሚታለፈው ቢጫ እንቁላል የት እንደተጣበቀ ፎቶው ያሳያል፤ የፊት እግር ላይ ከሆነ አንዷ፣ ከአገጭ ሥር ከሆነ ሌላዋ የጨጓራ ዝንብ ናት። ያኔ ሳምንታት የሚፈጀው መልስ ዛሬ ከቡና በፊት ይደርሳል። ልጆቹም ያኔ በጅራፍ የሚውሉበትን ሰዓት ዛሬ ትምህርት ቤት ይውሉበታል። ከዚህ ወደ ኋላ መመለስን የሚመኝ ሰው እኔ አይደለሁም።

የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ወጣት ባልደረቦቼ በቴሌግራም ፎቶ ይልኩልኛል፤ ስለሚያስታውሱኝም አመሰግናቸዋለሁ። አንድ ነጭ ትል በላስቲክ ጓንት ላይ ተጋድሞ ይታያል። «ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?» ይላል ጽሑፉ። ከየትኛው እንስሳ ነው? ከአፍንጫ ነው ከቁስል? የኋላውን ጫፍ አዙራችሁ አንሡልኝ፤ ብዬ እመልሳለሁ። የሚመጣው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ «ጋሼ፣ ትሉ ተጥሏል። ለበጉም መርፌ ወግተነዋል።»

መርፌው አይቨርሜክቲን ነው። ጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራ ከአፈር ባገኘው ባክቴሪያ፣ ዊልያም ካምቤል ደግሞ መድኃኒትነቱን በማሳየት የተገኘ፣ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ለእንስሳት የዋለ፣ በ2015 ሁለቱን ሰዎች ለኖቤል ሽልማት ያበቃ ትልቅ መድኃኒት ነው። የአፍንጫውን ትልም፣ የአህያውን የጨጓራ ትልም፣ ጸጉር ውስጥ ያለችውንም ዝንብ ይገድላል። ስንቱን በግ እንዳዳነ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ሁሉን የሚገድል መድኃኒት ሲመጣ «የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ሥራ ፈታ። ያኔ ስም የምንፈልገው ሕክምናው በስሙ ላይ ስለሚቆም ነበር። ዛሬ መርፌው ይቀድማል፤ ስሙ ሲገኝ ማወቂያ፣ ሳይገኝም የማይናፍቅ ነገር ሆኗል። ፎቶ አንሥቶ ስም የሚሰጠው መተግበሪያም ከስሙ በኋላ የሚጠይቀው የለም።

አዙሪት ግን መርፌውን አይሰማም። አንጎል ላይ የተቀመጠውን የውኃ ከረጢት አይቨርሜክቲን አያጠፋውም። በጉ የዞረው ከአፍንጫ ትል የተነሣ ከሆነ መርፌው ያድነዋል፤ ከውሻ ኮሶ የተነሣ ከሆነ ገንዘቡ ባክኖ በጉም ይሞታል። ከሞተ በኋላም ራሱ ለውሻ ከተወረወረ የሚመጣው ዓመት በሽታ በዚያው ተዘራ። ገበሬው ማወቅ ያለበት «የእኔ በግ ዝንብ ነው ወይስ ውሻ ነው ያመጣበት?» የሚለውን ነው። ይህን የሚመልሰው ተፈልጦ የታየው ራስ ነው። የሞተው በግ ራስ ሳይታይ ሲጣል ሳይቃጠል በቅጠል የምንልበት ዕድል አብሮ ይጣላል።

ነገሩ ከአንድ ቤት በግ አልፎ የአህጉርን ዕጣ የወሰነበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 ሊቢያ ውስጥ ከከብት ቁስል የተለቀሙ ትሎች ሲመረመሩ ከአሜሪካ አህጉር ውጪ ሰፍራ የማታውቅ ሥጋ በል ዝንብ ዕጮች ሆነው ተገኙ። ቁስል የሚያተሉ ሌሎች ዝንቦች በአካባቢው ነበሩ፤ ላይ ላዩን ሲታይ ትሉ ሁሉ ያው ነጭ ትል ነው። የለያቸው በኋላው ጫፍ በኩል በቆዳው ሥር ጠቁረው የሚታዩት የአየር ቱቦዎች ናቸው። ልዩነቱ ስለታወቀ መድኃኒቱም ታወቀ። በጨረር የመከኑ ወንድ ዝንቦች ከሜክሲኮ በአውሮፕላን እየመጡ ተለቀቁ፤ ቁጥራቸው ከ1 ቢሊዮን በላይ ነበር። በ1991 ዝንቧ ከሊቢያ ጠፋች። ያን ጊዜ ዝም ብትባል ኖሮ ከሰሃራ በታች ያለውን ከብት፣ የእኛንም ጨምሮ፣ ከመፍጀት የሚያግዳት አልነበረም። ይህቺው ዝንብ ለዓመታት ከተባረረችበት ከሜክሲኮ ውስጥ በ2024 መጨረሻ እንደገና ተገኝታለች፤ አሁንም እዚያ ያለ ገበሬ የሚባለው ከቁስሉ ትል ለቅሞ በአልኮል እንዲልክ ነው።

እኛም በራሳችን አገር ይህን እናውቃለን። በኢትዮጵያ አምስት ዓይነት የቆላ ዝንብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 በደቡብ ስምጥ ሸለቆ የተጀመረው የማጥፋት ፕሮጀክት ዒላማ ያደረገው ግሎሲና ፓሊዲፔስ የተባለችውን ነበር፤ ቃሊቲ የተሠራው የዝንብ ማርቢያም ለዚህ የታሰበ ነው። የመከነ ወንድ የሚገናኘው ከራሱ ዓይነት ሴት ጋር ነው። ዓይነቷ ከተሳተ የተረባው ዝንብ ሁሉ፣ የወጣው ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ነው። ወደ እኛም ስንመጣ ከቆላ ለግጦሽ ወርዶ የተመለሰ በሬ ከከሳ «ገንዲ ነው»፣ የቆላ ዝንብ ያመጣችበት ነው ይባላል። ሆኖም የቆላ ዝንብ በሌለበት ደጋም፣ በጣና ዙሪያ እንደታየው፣ ትራይፓኖሶማ ቫይቫክስ የተባለው የገንዲ ተውሳክ በተናዳፊ ዝንቦች አፍ ከከብት ከብት ይተላለፋል። አምበር ላይ የታመመ በሬ ያመጣው ከበረሃው ነው ወይስ እዚሁ ተነክሶ ነው? ወጥመዱ የት ይተከል? ይህን የሚመልሰው ቀንና ቦታ የተጻፈበት ዝንብ ነው፤ ቀንና ቦታ የሌለው ፎቶ ውበት ብቻ ነው።

ብልቃጦቻችንስ የት ደረሱ? የሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ቤት ሲቀይር መደርደሪያው ሲጸዳ እንደ ቆሻሻ ተቆጥረው ወጡ። አልኮሉ ቀንሶ፣ ክዳኑ ዝጎ፣ በእርሳስ የተጻፈችው ወረቀት ግን ትነበብ ነበር። ማንም በክፋት አላደረገውም። ዋጋቸውን የሚያውቅ ሰው በዚያ ቀን እዚያ አልነበረም፤ በዝርዝርም ውስጥ ወንበርና ጠረጴዛ እንጂ ትል አልተመዘገበም።

ያን ጊዜ የጣልነው ምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። እነዚያን ትሎች ስንለቅም እኛ የምናውቀው መጠየቂያ ማይክሮስኮፑን ብቻ ነበር። ካናዳዊው ፖል ሄበርት እ.ኤ.አ. በ2003 የእንስሳትን ዓይነት ከዘር ቅንጣታቸው በአንዲት አጭር ክፍል መለየት እንደሚቻል አሳየ፤ ዛሬ በአልኮል የቆየ የትል ቁራጭ ለዚህ ይበቃል። የእኛ የአነደድና የጉዛምን በጎች ትሎች ያኔ ምን ነበሩ፣ ከሌላው አገር ጋር ይዛመዳሉ ወይ፣ ከብዙ መርፌ በኋላ ተለውጠዋል ወይ፤ ይህን ሁሉ ዛሬ መጠየቅ ይቻል ነበር። የዛሬዎቹ ፎቶዎች በስልኮቻችን ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ቢሆኑም ይህን ጥያቄ አንዳቸውም አይመልሱትም።

ስለዚህ ለወጣት ባልደረቦቼ የማቀርበው ልመና ከባድ አይደለም። ፎቶውን አንሡ፤ ከላይም፣ ከሥርም፣ ከኋላው ጫፍም። ከዚያ ትሉን አትጣሉት። ትኩስ ውኃ፣ አልኮል፣ አንዲት ብልቃጥ፣ በእርሳስ የተጻፈች ወረቀት፤ ከአንድ በግ መርፌ ጋር ሲነጻጸር ጊዜውም ወጪውም ጥቂት ነው። ደብረ ማርቆስ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ከየወረዳው የሚመጣ ብልቃጥ የሚቆምበት መደርደሪያና የሚመዘግበው ሰው ከዚያ ቢገኝ ለአካባቢው ገበሬ ትልቅ ውለታ ይሆናል። ለገበሬውም ስሙን ብቻ አትንገሩት፤ ትሉ ከየት እንደመጣ፣ ውሻውን ምን ማድረግ እንዳለበት፣ በጉ ቀትር ላይ ለምን እንደሚከማች ንገሩት። የበጉን ራስ ከመጣላችሁ በፊት ከባለቤቱ ጋር ሆናችሁ ፈልጣችሁ እዩ።

የኛ ትውልድ ብልቃጡን ይዞ ስልክ አልነበረውም፤ የእናንተ ትውልድ ስልኩን ይዟል፣ ብልቃጡንም መያዝ ይችላል። ሁለቱን አንድ ላይ ለመያዝ የመጀመሪያዎቹ እናንተ ናችሁ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ እዚህ አምበር ላይ የሚሠራ፣ ገና ያልተወለደ የከብት ሐኪም እኛ ያላሰብነውን ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሚመረምረው ነገር ማግኘቱ ዛሬ እናንተ በምታስቀምጡት ላይ የሚወሰን ነው።